ከተቃጠለ ቀበሌ መሸኛ አምጡ

ባለፈው ሳምንት ሃዳ ጫላን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ዓይኗ ስለደከመ መታወቂያዋን ለማሳደስ ብቻዋን መሄድ አትችልም። ቢሮው ታድሷል፤ ግድግዳው ተቀብቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ገባ ስንል ግን የተቀበለኝ ያው የድሮው የማህተም ቀለም ሽታ ነው። ሌላ ሰው ልብ ላይለው ይችላል። ጎምዘዝ ያለ፣ ናፍጣ የነካው እርጥብ ወረቀት የመሰለ ሽታ ነው። እኔ ሲሸተኝ አፌ ይደርቃል። አስራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ሙሉ በጋ ይህን ሽታ ስምግ ከርሜያለሁ፤ ከሽታው በቀር ከዚያ ቢሮ ያገኘሁት ነገር የለም።

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ሰው ፊት ስቆም ቃል ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ግን «ሰነፍ ነበረች» ወይም «ባል አማራት» ተብሎ እንዲታለፍ አልፈልግም። ስለዚህ ያልተናገርኩትን እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት ኪራሙ ነው። አያቶቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አባቴ አራጋው ግን እዚያው ኪራሙ ተወልዶ እዚያው ነው ያገባው። ሰሊጥና በቆሎ እናመርት ነበር። ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ኦሮምኛ፣ ግማሾቹ አማርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። እኛ ልጆች ለድብብቆሽ ኦሮምኛ፣ ለጠብ አማርኛ ነበር የምንናገረው።

በመንደራችን የልደት ካርድ ያለው ልጅ አላውቅም። የቀበሌው ሊቀመንበር የአባቴ ጓደኛ ነበር። ማህተሙን በመሀረብ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ሰርግም ለቅሶም ይዞት ይመጣል። መሸኛ የፈለገ ሰው ባለበት ሄዶ ይጠይቀዋል፤ እሱም ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ማህተሙን ሃ ብሎ ተንፍሶበት፣ ያሳርፈዋል። እኔ የሰውን ማንነት የሚያጸናው ያ ትንፋሽ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ሊጋመስ ሲል ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጡ። የየትኛው ወገን እንደነበሩ ዛሬም ሰዎች ይከራከራሉ። ለእኔ ቤታችንን ያቃጠሉ ሰዎች ናቸው፤ የቀበሌውንም ቢሮ እነሱ ናቸው ያቃጠሉት። አባቴ እኔንና እናቴን ከሌሎች ሰዎች ጋር አይሱዙ ላይ ሰቀለን። እሱ ግን አልወጣም። ሰሊጡ ሳይረግፍ አንስቼ እደርስባችኋለሁ አለ። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ፍሬውን መሬት ላይ እንደሚያፈሰው ስለማውቅ፣ መቅረቱ ትክክል መሰለኝ። ነቀምቴ እስክንደርስ ድረስ የማስበው ስለ ሰሊጡ ነበር።

ነቀምቴ ስንደርስ ከባኬ ጃማ ሰፈር ወረድ ብሎ ባለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። የሱቁ ባለቤት ጋሼ ሽኩር ይባላል፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያ ሰፈር የሸመገለ፣ በሦስት ቋንቋ የሚቀልድ ሰው ነው። እሱ ነው ለሃዳ ጫላ የነገራት። መጥታ አየችን። ትልቅ ሴት ናት፤ ስትራመድ ሻርፗ እስከ ጉልበቷ ይወዛወዛል። ስሜን ስትጠይቀኝ እናቴ ጀርባ ገባሁ። እናቴ «ዝናሽ ትባላለች» አለቻት።

«ኮቱ፣ ሃዳ ዝናሽ» አለቻት ሃዳ ጫላ። ነይ፣ የዝናሽ እናት ማለቷ ነው።

እዚያ አካባቢ የወለደች ሴት በገዛ ስሟ አትጠራም። ሃዳ ጫላ ማለት የጫላ እናት ማለት ነው፤ የራሷን ስም እኔ እስከ ዛሬ ከመታወቂያዋ ላይ ካላነበብኩ ትዝ አይለኝም። እናቴ ስሟ አስናቁ ነው። በመንደራችን የአራጋው ሚስት ይሏት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሃዳ ዝናሽ ሆነች፤ ጋሼ ሽኩርም፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችም፣ ጎረቤቱም ሁሉ እንደዚያ ይጠሯት ጀመር። ደስ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አፍ ስሜ ሲወጣ ስሰማ ከተማው የመዘገበኝ መሰለኝ። የሚመዘገበው ሌላ ቦታ መሆኑን ገና አልሰማሁም ነበር።

ሃዳ ጫላ ግቢዋ ውስጥ ካለው ሰርቪስ አንዱን ክፍል ሰጠችን። ሥራዋ አንጮቴ ነበር። አንጮቴ መሬት ውስጥ የሚያፈራ የወለጋ ሥራ ሥር ነው፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤ ይበላል። ከጓሮዋ ትቆፍራለች፣ ከገበሬም ትቀበላለች፤ ቀቅላ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ጭቃውን አጥብ ነበር። ጭቃው በአንጮቴው ጎድጓዶች ውስጥ ስለሚደበቅ በጣት ነው የሚወጣው፤ ጥፍሬ ሥር ቀይ አፈር ሳይኖር የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ዝናብ የጠጣ መሬት ይሸት ነበር።

ሃዳ ጫላ አንጮቴ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ትላለች። ከሁሉ አስቀድማ ለእናቴ ነበር የምታቀርብላት። እናቴ ምንም አልተሰበረችም፤ ስለዚህ አንድ ቀን እጇንና እግሯን በዓይኔ ስመረምር ሃዳ ጫላ አየችኝና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ሌላ አንጮቴ ልጣ ሳህኗ ላይ ጨመረችላት።

አማርኛ ክፍል ባለው ትምህርት ቤት መምህር ቶላ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሰነድ ሳልይዝ ስመጣ የት ነበርሽ፣ ስንተኛ ነሽ ብሎ ጠየቀኝ። አልመለስኩም። ጠመኔ ሰጠኝና ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ። ሠራሁት። ሌላ ጻፈ። ሠራሁት። «አፍሽ ካልሠራ እጅሽ ይሠራል፣ ግቢ» አለኝና ስምንተኛ ክፍል መጨረሻው ዴስክ ላይ አስቀመጠኝ። ለአንድ ሰው ይህ በቂ ነበር። አይቶኛል፣ ጠይቆኛል፣ መልሻለሁ።

በኅዳር ለሚኒስትሪ ፈተና ምዝገባ መጣ። ጉርድ ፎቶና የልደት ካርድ አምጡ ተባልን፤ የልደት ካርድ የሌለው ስሙ ወደ ላይ አይተላለፍም። ፎቶውን ተነሳሁ። ፎቶ ቤቱ የራሱን ኮት አለበሰኝ፤ ከኋላዬ የተሳለ ፏፏቴ ነበር። ፎቶው ሲታጠብ ደጋግሜ አየሁት። ዓይኔ፣ ግንባሬ፣ ጆሮዬ፣ ሁሉም አለ። ይህን ካሳየን ምን ቀረ ብዬ አሰብኩ።

ቀበሌ የመጀመሪያ ቀን ስንሄድ እናቴ ጸጉሬን አጥብቃ ሠርታኝ ስለነበር ቅንድቤ ወደ ላይ ተስቦ ነበር። ሰው በደንብ እንዲያየኝ ነው ያልኩት። የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ከረሜላ የሚመጥጥ፣ ጥፍሩ የጸዳ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። ለእኔም ከረሜላ ሰጠኝ። ፎቶዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ትመስላለች ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እናቴን፣

«ከመጣችሁበት ቀበሌ መሸኛ አምጡ» አላት።

«ቀበሌው ተቃጥሏል» አለችው እናቴ።

«ገባኝ። እንግዲያ መቃጠሉን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጡ።»

«ከየት ነው የማመጣው?»

«ከዚያው ከቀበሌው።»

አልቀለደም። ፊቱን አይቼዋለሁ። ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አሻገረና «ቀጣይ» አለ። በሬ ተነድቶ ሲሄድ ከኋላው የሚቀረው አቧራ ቢሆን እንኳ የሆነ ነገር ነው፤ እኛ ከዚያ ክፍል ስንወጣ ከኋላችን ምንም የቀረ አይመስልም ነበር።

ደግመን ሄድን። ሌላ ጠረጴዛ ላኩን። እዚያ ያለችው ሴትዮ የእናቴን አማርኛ ሰምታ የወሎ ሰዎች ናችሁ፣ ከወሎ አምጡ አለች። እናቴ በጋሼ ሽኩር ስልክ ወሎ ላሉት የአጎቷ ልጆች ደወለች። እነሱ ወረዳቸው ሄደው ጠየቁ። ልጅቷ እዚህ አልተወለደችም፣ አናውቃትም፣ የወለጋ ልጅ ናት ተባሉ። ጋሼ ሽኩር ስልኩን ሲዘጋ «ይህቺ ልጅ ከሰማይ ወርዳ ከሆነ ከሰማይ ቀበሌ መሸኛ እናምጣላት» አለ። በረንዳው ላይ የነበሩት ሳቁ። እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ወለጋ የወሎ ናት ሲለኝ፣ ወሎ የወለጋ ናት ሲለኝ፣ ሁለቱም አንድ ነገር ነው ያሉኝ፦ የእኛ አይደለሽም። ዛሬ ሳስበው ያን ቀን የሳቁትን ሳይሆን ያን ነገር ቢሮ ተቀምጠው ያሉኝን ነው የምቀየመው።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ገባኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቢሮው ተቃጥሏል፣ ማህተሙ ግን አልተቃጠለም። ማህተሙ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ እግር አለው። ስለዚህ ማህተሙ የሆነ ቦታ እየተራመደ ነው ማለት ነው፤ አንድ ቀን ነቀምቴ ይደርሳል። አንጮቴ አድርሼ ስመለስ በመናኸሪያው በኩል አልፍ ጀመር። ከሰሜን የሚመጣ መኪና ሁሉ ሲቆም ከወንዶቹ ኮት ኪስ ላይ ነው ዓይኔ የሚያርፈው። ኪሱ ያበጠ ሰው ሳይ ተከትዬ እሄዳለሁ። አንዱ ዞሮ ምን ፈለግሽ ሲለኝ ሮጥኩ። ያበጠው ዳቦ ነበር።

አባቴንም በዚያው እፈልግ ነበር፤ ግን ለራሴ ማህተሙን ነው የምፈልገው ነበር የምለው። ማህተም አለመምጣቱ ያን ያህል አያምም። ሁለቱም አልመጡም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ሽኩር ሱቁን ትቶ ግቢያችን መጣና ከሃዳ ጫላና ከእናቴ ጋር አቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እኔ ሮቶው አጠገብ አንጮቴ እያጠብኩ ነበር። ሃዳ ጫላ በአማርኛ፣ እንዲህ ጥርት አድርጋ ተናግራ የማታውቀውን ዓረፍተ ነገር ስትናገር ሰማኋት።

«ልጅቷን ለእኔ ስጪኝ።»

በመንደራችን እንዲህ የሚባለው ለጥጃ ነው። አንጮቴውን ጣልኩና ሽንት ቤቱ ጀርባ ተደበቅኩ። ለሰርቪሱ ክፍያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ለአንጮቴው፣ ለበላነው ሁሉ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ያገኘችኝ ራሷ ሃዳ ጫላ ናት። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እናትሽን ልወስድብሽ አይደለም» አለችኝ። «አንድ እናት አለሽ። ሁለት ይኑርሽ ነው ያልኩት።»

ጉዲፈቻ ነበር ያሰበችው። በእነሱ ዘንድ ጉዲፈቻ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌ ፊት የተቀበሉት ልጅ ከማህፀን ከወጣው አይለይም፤ ይወርሳል፣ በጎሳው ይቆጠራል፣ ማንም ጥግ ሆኖ «ያ እኮ የማደጎ ነው» ቢል ነውር ነው። ሃዳ ጫላ ባሏ ጉተማ ሞቷል፤ ልጇ ጫላ አኖ በምትባል ከተማ ጋራዥ ይሠራል። የእሷ ሐሳብ አጭር ነበር፦ ልጅ ወረቀት ካጣች ቤት እንስጣት፣ ቤት ያላት ልጅ ወረቀት ታገኛለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች መጡ። እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ። ሃዳ ጫላ ጴንጤ ናት፤ ቅቤውን ስታመጣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጸሎት ጨርሰናል እኮ አላት። ጸሎቱ ለነፍሷ ነው፣ ቅቤው ለጭንቅላቷ ነው ብላ አናቴ ላይ ለጠፈችው። ወተት በአንድ ዋንጫ ቀረበ። እናቴ በአንድ በኩል፣ ሃዳ ጫላ በሌላ በኩል ይዘው አጠጡኝ። ሽማግሌው በኦሮምኛ የተናገሩትን ጋሼ ሽኩር ለእናቴ እየተረጎመላት ነበር፦ ከዛሬ ጀምሮ የጉተማ ቤት ልጅ ናት፣ የወለደቻት እናትም የዚህ ቤት ሰው ናት። ከአኖ የመጣው ጫላ የግራሶ እጁን እያሻሸ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «እስከ ዛሬ የእናቴን ቁጣ ብቻዬን ነበር የምጠግበው፣ የሚካፈለኝ አገኘሁ» አለኝ።

ሰኞ ጸጉሬን ሳልታጠብ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቅቤው ቀልጦ አንገቴ ላይ ወርዶ ነበር። «ዝናሽ ጨጨብሳ ሆና መጣች» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ውስጤ ሳቀ። ከመጣን ጀምሮ የተሰደብኩበት ጥሩ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ አራታችን ቀበሌ ሄድን፤ ሃዳ ጫላ፣ እናቴ፣ ጋሼ ሽኩርና እኔ። ባለ ከረሜላው ሰውዬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ በጓሮ የተደረገ ጉዲፈቻ እንደማይመዘግብ፣ ፍርድ ቤት መጽደቅ እንዳለበት፣ ፍርድ ቤት ደግሞ የወላጅ አባትን ፈቃድ እንደሚጠይቅ አስረዳ። አባትየው የት አለ አላት እናቴን። አላውቅም አለችው። ሞቶ ከሆነ የሞት ማስረጃ አምጡ አለ። ከየት ስትለው፣ ከሚኖርበት ቀበሌ አላት።

ጋሼ ሽኩር ወደ በሩ ሊያወጣን ክንዴን ያዘ።

ሰውዬው ግን አዘነልን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልርዳችሁ አለ። ጉዲፈቻ ምናምን የሚለውን ተዉት፤ ልጅቷን ሃዳ ጫላ ራሷ እዚሁ ቤት ወልዳታለች እንበል፣ አባቷ ሟቹ ጉተማ ነው፣ የሞተው እሷ ከተወለደች በኋላ ስለሆነ ጊዜው ይገጥማል። ሳይመዘገብ የቆየ ልደት ይባላል፤ ጋሼ ሽኩርና አንድ ጎረቤት ይመሰክራሉ። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። እናቴ እዚህ ቢሮ ስትመላለስ ሰው ሁሉ አይቷታል። ስለዚህ በኋላ ጣጣ እንዳይመጣ፣ ልጅቷ የእኔ አይደለችም፣ ወደፊትም አልጠይቃትም ብላ በአሻራዋ ታረጋግጥ።

ይህን ሲናገር ለእኔ ከረሜላ እየፈታልኝ ነበር።

ሃዳ ጫላ የሰጠችኝ ነገር እናት ይጨምራል። ሰውዬው የሚሰጠኝ እናት ይቀንሳል። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን በልጅ አእምሮዬ እንኳ አውቄዋለሁ፤ እሱ ግን ያለፈበት ትምህርት ሁሉ ይህን አላሳወቀውም።

ቤት ስንደርስ እናቴ «ትፈተን» አለች። «አራጋው ሲመጣ እኔ አስረዳዋለሁ።» ሃዳ ጫላ ደጋግማ በውሸት መሆኑን አልወደድኩትም ብትላትም እናቴ አልሰማቻትም። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር። ዝም ማለት። አንቺ ደግሞ ለዝምታ ማን ብሎሽ አለችኝ እናቴ፣ ጉንጬን በጣቷ ነካ አድርጋ።

በተቀጠርንበት ቀን ክፍሉ ሙሉ ነበር። አግዳሚው ላይ ባለጉዳዮች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከሰውዬው ጎን አለቃው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያነባል። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ሰውዬው ጮክ ብሎ አነበበው፤ እኔ ከታች አሻራዬን ያኖርኩት ወይዘሮ አስናቁ፣ ዝናሽ ጉተማ የተባለችውን ልጅ አለመውለዴን፣ የሚል ነበር። ሌላም ነበረው። እኔ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም፤ የእናቴን አውራ ጣት ነበር የማየው። ሰውዬው ጣቷን ይዞ የማህተም ቀለሙ ላይ አንከባለለው። ሐምራዊ ሆነ። ሽታው አፌ ውስጥ ገባ። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል እጇ ከበደበት፤ ሳትጎትት፣ ሳታሳርፍ፣ አየር ላይ ቆመች።

ሃዳ ጫላ አዘነችላት። ጎንበስ አለችና ትከሻዋን ያዘቻት።

«አይዞሽ፣ ሃዳ ዝናሽ» አለቻት።

ከዚያ አግዳሚው ላይ የነበሩ ሴቶች አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው መሳቅ ጀመሩ። የዝናሽ እናት ሆይ፣ የዝናሽ እናት እንዳልሆንሽ ፈርሚ እንደማለት ነው። ሃዳ ጫላ አፏን በእጇ ያዘች። ሰውዬው ከረሜላውን መምጠጥ አቆመ።

«አልሰማሁም» አለ፣ አለቃውን በጎን እያየ። «ሴትየዋ አስናቁ ነው ስሟ። አስናቁ በያት።»

ሃዳ ጫላ ሞከረች። አስ አለች፣ ቆመች። የወለደችን ሴት፣ ያውም ልጇ አጠገቧ ቆማ እያለ፣ ባዶ ስሟን መጥራት ስድብ ነው፤ እንኳን ሃዳ ጫላ፣ ሰፈሩ ውስጥ የሰከረ ሰው እንኳ አያደርገውም። ምላሷ እምቢ አላት። «ሰው ፊት ላዋርዳት እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

አለቃው ከሚያነበው ነገር ቀና አለ። ልጅቷ ትጠየቅ አለ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ። ዝም እንደምል ያውቃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስንመላለስ አንድ ቃል ሲወጣኝ አልሰማም። ዝም ካልኩ፣ አፈረች ይባላል፣ ነገሩ ያልፋል፣ እፈተናለሁ።

«ይህቺ ሴት ምንሽ ናት?» አለኝ።

እናቴ አላየችኝም። ያንን ሐምራዊ ጣቷን ነበር የምታየው፤ የሌላ ሰው ጣት ይመስል ከራሷ አርቃ ይዛው።

«እናቴ ናት» አልኩ። «አባቴ አራጋው ይመር ነው። የተወለድኩት ኪራሙ ነው።»

ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። ሴቶቹ መሳቃቸውን አቆሙ። ሰውዬው አልተቆጣም። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእናቴ እጅ ሥር ሳበው፣ አጠፈው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «እኔ ልረዳችሁ ነበር» አለ፣ ከልቡ አዝኖ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ማዘኑ ነው። ቢሰድበን እረሳው ነበር። እውነቱን ስነግረው መዝጋቢ ሆኖ አልጻፈም፤ ውሸቱን ሊጽፍ ግን ብዕሩን አንስቶ ነበር። ሦስት ቃል ነው የነገርኩት፤ እናት፣ አባት፣ አገር። ማንም ሕፃን የሚያውቀውን። ያንን የሚቀበል መዝገብ በአገሬ ከሌለ፣ ጥፋቱ ስለምን የእኔ ይሆናል?

ውጭ ስንወጣ ሃዳ ጫላ እያለቀሰች፣ ልጅቷን አበላሸሁባት፣ አፌን ይቁረጠው ትል ነበር። እናቴ ጣቷን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች ቆመች። አልጠራ አለ።

«ታዲያ ምን ብለሽ ልትጠሪኝ ነበር?» አለቻት።

ቀለሙ ሳይለቅ ቆየ። አንጮቴ ስትልጥ፣ ቡሆ ስታቦካ፣ ጸጉሬን ስትሠራኝ ከጣቷ ላይ አየው ነበር።

ሰኔ ላይ ጓደኞቼ ዩኒፎርማቸውን አጥበው ተኩሰው ለፈተና ሲያልፉ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። መምህር ቶላ ስለ እኔ ወደ ላይ ጽፎ ነበር፤ በመመሪያው መሠረት ይፈጸም የሚል መልስ መጣለት። ፈተናው ሲያበቃ የሒሳቡን ወረቀት ይዞ ግቢያችን መጣ። የአንጮቴ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ ሠራሁት። እዚያው ቆሞ አረመው። «አልፈሻል» አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ምን እንደሚያደርገው አጣ፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ መልሶ አወጣው፣ በመጨረሻ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ እስከ ዛሬ ይዛዋለች።

ባለፈው ሳምንት የሃዳ ጫላን መታወቂያ ያደሰችው ልጅ እኩያዬ ትሆናለች። ትሑት ናት። የሃዳ ጫላን ጣት በጥንቃቄ ይዛ አሻራዋን አስነሳቻት፣ አዲሱን መታወቂያ ሰጠቻት፣ ከዚያ ቀና ብላ አንቺስ አለሽ ወይ አለችኝ። የለኝም አልኳት። ሲም ካርዴ በሃዳ ጫላ ስም ነው፤ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ የምወርደው እኔ ነኝ። ስም ስትለኝ ነገርኳት። ዝናሽ አራጋው ይመር። ጻፈችው። የትውልድ ቦታ ስትለኝ ነገርኳት። ጣቷ ኮምፒውተሩ ላይ ቆመ።

«ከዚያ መሸኛ ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

«ቀበሌው ተቃጥሏል።»

«እንግዲያ መቃጠሉን የሚገልጽ…»

«ከዚያው ከቀበሌው» ብዬ ጨረስኩላት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ዞሬ አግዳሚው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሃዳ ጫላ በዳሰሳ ደረሰችብኝ። ኮቱ፣ እንሂድ አለችኝ። አንቺ ሂጂ፣ እኔ እስክትጽፈው አልነሳም አልኳት። ዓይኗን አጥብባ ፊቴን ለማየት ሞከረች። ከዚያ ሻርፗን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አግዳሚው ጮኸ።

«ለሃዳ ዝናሽ ደውይላት» አለችኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ። «የመምህሩን ወረቀት ይዛ ትምጣ። አንጮቴውንም ይዛ ትምጣ። ዛሬ ምሳ የምንበላው እዚህ ነው።»